ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ናፍታ ፒክአፕ ሞተር መፍላትና ስለ ምርመራው ሥርዓት

ዘርና ማዳበሪያ በመጋዘን ሞልቶ ቢከማች፣ የከብት ክትባት በበረዶ ሣጥን ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ፣ ወተትም በማለዳ ታልቦ ቢጠብቅ፣ በጊዜው ከሚፈለግበት ስፍራ ካልደረሰ ጥቅሙ ከንቱ ነው። ዛሬ ይህን ሁሉ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከገጠርም ወደ ከተማ ከሚያመላልሱት አንዱ በየወረዳው የእርሻ ጽሕፈት ቤት ደጅ የሚቆመው የናፍታ ፒክአፕ ነው። ስለዚህ የዚህ መኪና ሞተር በፈላ ጊዜ የሚጐዳው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ ሳያልፍበት ዘሩን ከመሬት ማግባት ያለበት ገበሬም አብሮ ይጐዳል።

የሞተር መፍላት ግን በብዙ ስፍራ እንደ ድንገተኛ መቅሠፍት ይቈጠራል። መኪናው በመንገድ ላይ በእንፋሎት ተሸፍኖ ይቆማል፤ ነጂው ይወቀሳል፤ ከዚያም ምክንያቱ ሳይመረመር ሞተሩ ይፈታል፤ ራዲያተሩ ይለወጣል፤ ቴስታታው ይወርዳል፤ ብዙ ገንዘብም ይወጣል። ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ያው መኪና በዚያው ዳገት ላይ ዳግመኛ ይፈላል። ይህም የሚሆነው በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒቱ ስለሚታዘዝ ነው። በእውነቱ ግን ሞተር ያለ ምክንያት አይፈላም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከመፍላቱ በፊት ምልክቱን ያሳያል። እንግዲህ በመጀመሪያ የሚጐድለው ገንዘብ ሳይሆን የምርመራ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም በነጂውና በመካኒኩ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ መኪናውን ለጉዞ የሚያዝዘውና የጥገናውን ወጪ በፊርማው የሚያጸድቀው ሹም ጠንቅቆ ሊያውቀው ይገባል።

አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከገባ መቶ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም ለመኪና የሚደረገው ጥንቃቄ ቀድሞ ለጭነት በቅሎ ይደረግ ከነበረው ጥንቃቄ ገና አልደረሰም። ባለ በቅሎ በቅሎው ስታነክስ ባየ ጊዜ ጭነቷን አውርዶ ሰኮናዋን ያያል፤ ጀርባዋም ተገጥቦ እንደሆነ ኮርቻውን ያስተካክላል እንጂ እየደበደበ አይነዳትም። የመኪናው የሙቀት መለኪያ መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ሲወጣ ግን ‹‹ጥቂት መንገድ ነው የቀረው፣ ግፋው›› የሚል አለቃ አይታጣም። ያች ጥቂት መንገድ ሞተሩን የምትጨርስ መሆኗን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ይህ ቸልታ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋው ከብዷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መከልከሉን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ቴስታታም ሆነ ራዲያተር፣ የውሃ ፖምፓም ሆነ ጓርኒሲዮን ከውጭ አገር በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና በደኅና ማኖር የአንድ ጋራዥ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥትን ሀብት የመጠበቅ ጉዳይ ሆኗል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው አገር ደግሞ ለዚህ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ኮዬ ፈጬ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ስፍራዎች ሲሆኑ፣ ሁሉም ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትርም ያልፋል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ምክንያቱም አገሩ ከፍ ባለ መጠን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው። በደጋ አገር ንፍሮ ለመብሰል ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ የሚፈጀው ከዚሁ የተነሣ ነው። አየሩም ስለሚሳሳ በራዲያተሩ መካከል የሚያልፈው ነፋስ ይዞት የሚሄደው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በቆላ አገር ገና ምልክት ብቻ የሚያሳይ ጉድለት በደጋ ሞተር ያፈላል ማለት ነው።

መንገዱም የራሱ ጠባይ አለው። የሱሉልታ ሜዳ በወተቱ የታወቀ ነው፤ ወተቱን ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ መኪና ግን የእንጦጦን ጋራ መሻገር አለበት። በዚያው መንገድ ወደ ጎጃም የሚወርድ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይገባና ወደ ደጀን ሲወጣ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ በአንድ ዳገት ይወጣል። ወደ ሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል የሚሄደው በቡራዩ ያልፋል፤ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ተቋም ደግሞ በሰበታ ይገኛል። በኮዬ ፈጬ በቅርብ ዘመን የእህል ማሳ በነበረው መሬት ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመዋል፤ መኪናው በበጋ የግንባታውን አቧራ፣ በክረምት የመረሬውን ጭቃ፣ በአጨዳና በውቂያ ወራት የአካባቢውን ገለባ በራዲያተሩ ላይ ይለብሳል። እንግዲህ ከፍታውም፣ ዳገቱም፣ አቧራውም፣ የመኪና ሰልፉም በአንድ ጉዞ ይገናኛሉ።

ምርመራው እንዲገባ የሞተሩን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ሩዶልፍ ዲዘል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1897 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው ሞተር አየሩን እጅግ አጨምቆ በማሞቅ ናፍታውን ያለ ሻማ የሚያነድ ነው። ከናፍታው ከሚገኘው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሦው ወይም ከሲሦው ጥቂት የሚበልጠው ነው፤ የቀረው በጭስ መውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት። ውሃውን የሚያዞረው ፖምፓው ነው፤ ፖምፓውን የሚያዞረው በብዙ መኪና ቺንጋ የሚባለው ጠፍር ነው፤ ውሃው ወደ ራዲያተር የሚያልፍበትን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ነው፤ በራዲያተሩ መካከል ነፋስ የሚስበው ማራገቢያው ነው፤ ግፊቱን የሚይዘውም የራዲያተሩ ክዳን ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲሰንፍ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ከእነዚህ ሁሉ በዋጋው ትንሽ፣ በደጋ አገር ግን በጥቅሙ ትልቅ የሆነው ክዳኑ ነው። ደኅና ክዳን በሞላው ኃይል ውሃውን ተጭኖ ስለሚይዝ፣ በሱሉልታ በ92 ዲግሪ ሊፈላ የነበረው ውሃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቈያል። ቴርሞስታት በብዙ ሞተር ከ80 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ መከፈት ይጀምራል፤ ፈጽሞ የሚከፈተው ግን ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ የክዳኑ ላስቲክ ያረጀ ወይም ሞላው የደከመ እንደሆነ፣ በሱሉልታ ከፍታ ውሃው የሚፈላው ቴርሞስታቱ ፈጽሞ ሳይከፈት ነው። ሞተሩ ምንም ሕመም ሳይኖረው በአንድ ክዳን ጉድለት ብቻ መፍላቱን ያላወቀ ሰው ራዲያተርና ፖምፓ ያስለውጣል።

ወደ ምርመራው ሲገባ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ‹‹ምን ተሰበረ?›› ሳይሆን ‹‹መቼ ይፈላል?›› ነው። መኪናው በከተማ ሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅ እየፈላ በሜዳ መንገድ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ፣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ማራገቢያው ነው። በሰልፍ ደኅና ሆኖ በዳገት ከነጭነቱ ወይም በፍጥነት ሲሄድ የሚፈላ እንደሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ተደፈነ ራዲያተር፣ ወደ ደከመ ፖምፓና ወደ ላላ ቺንጋ ይሄዳል። በማለዳ ተነሥቶ ብዙ ሳይሄድ ፈጥኖ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ያሰኛል። ይህን አንድ ጥያቄ አጥርቶ የሚመልስ ነጂ የመካኒኩን ሥራ በግማሽ ያቃልላል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው ወጪ ከሌለበት ተነሥቶ ወጪ ወዳለበት በደረጃ መሄድ አለበት።

አንደኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ በርዶ ሳለ ኮፈኑ ተከፍቶ የውሃው መጠን ይታያል። ጐድሎ እንደሆነ በየቱቦው መጋጠሚያ፣ በራዲያተሩ ግርጌ፣ በፖምፓው ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የሚንጠባጠብ ወይም የደረቀ ነጭ ምልክት መኖር አለመኖሩ ይፈለጋል። ሁለተኛ፤ ቺንጋው በአውራ ጣት ተጭኖ መላላቱ፣ መሰንጠቁና መስታወት መስሎ መላሱ ይመረመራል። ሦስተኛ፤ የራዲያተሩ ፊት በብርሃን ይታያል። ገለባ፣ ጭቃና ነፍሳት የሞሉበት እንደሆነ በለሰለሰ ውሃ ከውስጥ ወደ ውጭ ይታጠባል እንጂ በኃይለኛ ውሃ ቢመታ ስሱ ክንፎቹ ይታጠፋሉ። የነፋስ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ማብረጃ አለውና፣ በሁለቱ መካከል የገባው ቆሻሻ ከውጭ ስለማይታይ በተለይ መፈለግ አለበት። አራተኛ፤ ክዳኑ ተፈትኖ አጠራጣሪ ከሆነ ይለወጣል።

አምስተኛ፤ ሞተሩ ተነሥቶ በሚሞቅበት ጊዜ የላይኛውና የታችኛው የራዲያተር ቱቦ በጥንቃቄ በእጅ ይዳሰሳሉ። የላይኛው እያቃጠለ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ቢቀር ውሃው አይዞርም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ከሙቀት መለኪያ ጋር በድስት ውሃ ውስጥ ተጥዶ ይታያል፤ በተጻፈበት ሙቀት የማይከፈት እንደሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ፈተናው ድስትና እሳት እንጂ ሌላ አይፈልግም። ቴርሞስታቱ ደኅና ከሆነ ግን የራዲያተሩ ውስጥ በዝገትና በውሃ ድንጋይ ተደፍኖ እንደሆነ ይመረመራል። ስድስተኛ፤ ማራገቢያው በውስጡ ዘይት ባለው መያዣ የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ሲዞር እንቢ ማለት አለበት፤ እንደ መንኰራኩር በነፃ የሚሽከረከር ከሆነ መያዣው ሞቷል።

ሰባተኛና የመጨረሻው፣ ሁሉም የሚፈራው የጓርኒሲዮን ነገር ነው። ምልክቶቹ የታወቁ ናቸው፤ ውሃ ሳያፈስ ይጐድላል፤ ሞተሩ ሲሠራ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ገና ከመነሣቱ ቱቦው እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ዘይቱ ቡና በወተት ይመስላል፤ ከማርሚታውም ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እንኳ አይቋረጥም። ቴስታታ ይውረድ ተብሎ መታዘዝ ያለበት ከእነዚህ ምልክቶች የተገኘ እንደሆነና ከፊተኞቹ ስድስቱ ምክንያት ያልተገኘ እንደሆነ ብቻ ነው። ከሞተሩም ውጭ የሚመጣ ምክንያት እንዳለ መርሳት አይገባም፤ የማይለቅ ፍሬን፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ የናፍታ መርጫ ብልሽትም ጤነኛውን ሞተር ያሞቁታል።

መንገድ ላይ ሳለ መርፌው መውጣት ሲጀምር ነጂው የነፋስ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ መሄድ፣ ካልበረደለትም መቆም አለበት። ውሃው ካልፈሰሰና ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩን ጥቂት ጊዜ ሳያጠፉ ማዞር ይጠቅማል፤ ውሃው ካለቀ ወይም ቺንጋው ከተበጠሰ ግን ወዲያው ማጥፋት ግዴታ ነው። መርፌው በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ቢወርድም ደስ ሊለው አይገባም፤ ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ መለኪያው በባዶ ስፍራ ስለሚቀር ሐሰት ሊናገር ይችላል። ትኩስ ራዲያተር ፈጽሞ አይከፈትም፤ ክዳኑ በተፈታ ቅጽበት የታመቀው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ዓይን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቃል፤ በብዙ ሞተር ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ ከተጣመመ እንደ ቀድሞው መመለሱ አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ መከራከሪያዎች አሉ። አንዳንዶች ‹‹ቴርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነው፤ አውጥቶ መጣል ይሻላል›› ይላሉ። ይህ አሳብ የሚመስል እንጂ እውነት አይደለም። በአንዳንድ ሞተር ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በአቋራጭ ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል፤ እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ሞተሩ በዳገት ከፊተኛው ይልቅ ይሞቃል። በሜዳ ደግሞ ያለልክ ስለሚቀዘቅዝ ናፍታ ይበላል፤ ፈጥኖም ያረጃል። ሌሎች ‹‹ኩላንት ውድ ነው፤ የወንዝ ውሃ ይበቃል›› ይላሉ። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ግን በውስጡ የሟሟ ድንጋይ ይዟል፤ ውሃው ሲሞቅ ድንጋዩ በራዲያተሩ ስስ ቱቦዎች ላይ እንደ ማንቆርቆሪያ ሽሃ ይጋገራል። ኩላንቱ ዝገትን ይከላከላል፤ የሚፈላበትንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ወጪው ከራዲያተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ቁጠባ ነው። ብቻ ብዙው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ከብትና ውሻ ከሚደርሱበት ስፍራ ሊደፋ አይገባም።

ሦስተኛው መከራከሪያ ‹‹ሥራው አስቸኳይ ነበር›› የሚለው ነው። ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። የክትባቱ በረዶ እየቀለጠ፣ ገበሬው በመጋዘን ደጅ እየጠበቀ፣ አለቃው ለስብሰባ እየዘገየ ነጂው መኪናውን ለማቆም ይፈራል። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ቆሞ የበረደ መኪና በዚያው ቀን ይደርሳል፤ ሳይቆም የተቃጠለ መኪና ግን ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት አይደርስም። ‹‹መኪናው ሞቋል›› ብሎ በማቆሙ የሚቀጣ ነጂ በሁለተኛው ጊዜ ዝም ብሎ ይነዳል። ስለዚህ ሞተሩን ከሚያቃጥሉት ምክንያቶች አንዱ ከኮፈኑ ውስጥ የማይገኝ፣ በጽሕፈት ቤቱ ወንበር ላይ የተቀመጠ መሆኑን ሹማምንት ሊቀበሉት ይገባል።

የሚሻለው እንግዲህ ይህ ነው። በየመኪናው አንድ መዝገብ ይኑር፤ በየማለዳው የውሃውና የዘይቱ መጠን፣ የተጨመረውም ልክ ይጻፍበት። ውሃ በየቀኑ የሚጨመርለት መኪና በሽተኛ እንደሆነ መዝገቡ ሳይፈላ በፊት ይናገራል። ሞተር የሞቀ እንደሆነ ነጂው ስፍራውን፣ ጭነቱን፣ በሰልፍ ወይም በዳገት መሆኑን ይጻፍ። ቴስታታ ይውረድ ወይም ራዲያተር ይለወጥ የሚል የወጪ ጥያቄ ለፊርማ በቀረበ ጊዜ፣ ሹሙ ሰባቱ ምርመራዎች በየተራቸው መደረጋቸውንና ውጤታቸውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ይህ ሳይቀርብ አይፈርም። በመጨረሻም መርፌው ሲወጣ መኪናውን የማቆም ሥልጣን የነጂው እንደሆነ፣ በማቆሙም እንደማይጠየቅ፣ ባለማቆሙ ግን እንደሚጠየቅ በግልጽ ይታዘዝ።

ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ አንድ ድስትና የሹሙ ፈቃድ ይበቃሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የሞተርን ሕመም ከሥሩ የሚመረምር ወረዳ ሰኔ ሲገባ መኪናው ከደጁ ለጉዞ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ሳይመረምር የሚያስፈታ ግን ገበሬው ዘሩን በሚጠብቅበት ወራት የመኪናውን ሞተር በጋራዥ ወለል ላይ ተበታትኖ ያየዋል።